አዲስ ጉበት መቼ ያድናል?

ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ሲወሰድ ጉበት በቀናት ውስጥ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ያኔ ጉበት ያላጸዳው አሞኒያ በደም ሄዶ አንጎልን ያሳብጣል። የራስ ቅል (የምህንድስና ተማሪ ነኝና) እንደ ተዘጋ ታንከር ነው፤ ግፊቱ መውጫ የለውም። አንጎል ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ ንቅለ ተከላው ቢሳካ እንኳ አዲሱ ጉበት አይመልሰውም። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ሐኪሞች ያለ ንቅለ ተከላ የማይተርፈውን ታማሚ ቀድሞ የሚለይ መስፈርት አወጡ፤ አንዱ የደም ፒኤች ከ7.3 በታች መውረድ ነው። የታማሚው ዕድሜ መግፋት፣ የደም ዓይነት አለመጣጣም፣ የተለገሰው ጉበት ስብ የበዛበት መሆኑም ዕድሉን ያጠባሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ ኢንፌክሽን አለ። እዚህ ሳይደረስ ግን፣ መድኃኒቱን ያበዛ ሰው ሕመም ባይሰማውም ወዲያው ሆስፒታል ይወሰድ፤ ማርከሻው በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከተሰጠው የገዛ ጉበቱ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል።