ሙያ ቀይሮ አርክቴክት ለመሆን ስንት ዓመት፣ ስንት ብር?

ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ በአባያ ሐይቅና በጋሞ ደጋ መካከል ባለው ሜዳ ላይ የሚገኙት የጫኖ ቀበሌዎች በገበያ የሚታወቁት በሙዛቸው ነው። የሐሬ ወንዝ መስኖ ከሚያጠጣው ማሳ የተቆረጠው ዘለላ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። በዚህ ንግድ ውስጥ ሒሳብ የሚይዝ አንድ ወጣት ለምሳሌ ያህል ይታሰብ። ዕድሜው 27፣ በአካውንቲንግ የተመረቀ፣ የወር ደመወዙ 10,000 ብር ነው። ልቡ ግን ከመዝገቡ ላይ የለም። አርክቴክት መሆን ይፈልጋል፤ ዲግሪ አንዴ ስለያዘም ማስተርስ ገብቶ ሙያውን ለመቀየር ያስባል።

ሐሳቡ ነውር የለበትም። ችግሩ “ማስተርስ” በሚለው በአንዱ ስም ሥር ዋጋቸው የተለያየ ሦስት ሸቀጦች መኖራቸው ነው። ገዢ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የትኛውን ሸቀጥ እንደሚፈልግ መለየት ይኖርበታል።

በአገራችን አርክቴክት የሚወጣው በመጀመሪያ ዲግሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሥር ልደታ የሚገኘው የሕንፃ ትምህርት ቤት የዚህ ሁሉ መነሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርስቲም ለጫኖ ልጅ ደጃፉ ላይ ያለ አማራጭ ነው። የሥነ ሕንፃ የመጀመሪያ ዲግሪ በተለምዶ አምስት ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በላይ ያለው ማስተርስ በአብዛኛው የሚቀበለው በሥነ ሕንፃ ወይም በተዛማጅ ሙያ የተመረቀን ነው። ስለዚህ የሒሳብ ባለሙያው የአገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ቢያልፍም፣ የንድፍ ክፍሉ በር በዚያ ብቻ አይከፈትለትም።

ሁለተኛው መንገድ በጎረቤት በር መግባት ነው። የከተማ ልማት፣ የቤቶች ጉዳይና የግንባታ አስተዳደር የመሳሰሉት የማስተርስ ትምህርቶች እንደየተቋሙ ከሌላ ሙያ የመጣን ሰው ይቀበላሉ። ዋጋቸው ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ወጪ ማስላት የሚችል ሰው በእነዚህ ቦታዎች አይጠላም። ነገር ግን ይህ ትምህርት ስለ ሕንፃ የሚያውቅ ሰው ያደርጋል እንጂ አርክቴክት አያደርግም። ሁለቱን አደባልቆ የተመዘገበ ሰው ልዩነቱ የሚገባው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው።

ወጣቱ በእርግጥ የሚያስበው ሦስተኛው ነው። በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች በማናቸውም ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ሰው ተቀብለው በሦስት ወይም በሦስት ዓመት ተኩል የአርክቴክቸር ማስተርስ ይሰጣሉ። የሚጠይቁት የትምህርት ማስረጃ፣ የምስክር ደብዳቤ፣ የዓላማ ጽሑፍና ከሁሉም በላይ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የአመልካቹ የእጅ ሥራዎች ስብስብ ነው። ካልኩለስና ፊዚክስ አስቀድሞ መወሰዱን የሚጠይቁም አሉ። ተመርቆም ነገሩ አያልቅም። በአሜሪካ ፈቃድ ለማግኘት 3,740 ሰዓት የተመዘገበ የሥራ ልምምድና ተከታታይ ፈተናዎች ይቀራሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ብዙ ሰው የትምህርት ወጪ ሲባል የሚታየው የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ነው። ኢኮኖሚስቶች ግን የታጣ ዕድል ዋጋ፣ በእንግሊዝኛው ኦፖርቹኒቲ ኮስት፣ የሚሉትንም ይደምራሉ። ወጣቱ ሥራ ለቆ የአገር ውስጡን አምስት ዓመት ቢማር የደመወዝ ጭማሪ ሳይታሰብ 600,000 ብር ያጣል። በሦስት ዓመት ተኩሉ የሚያጣው 420,000 ብር ነው። እስከዚህ ድረስ የውጭው የረከሰ ይመስላል። ሚዛኑን የሚገለብጠው ምንዛሬው ነው። የነፃ ትምህርት ዕድል ከፊሉን ሸፍኖለት በዓመት 10,000 ዶላር ከራሱ የሚጠበቅበት ነው እንበል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ይህ ገንዘብ በባንክ ዋጋ 570,000 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። በብር ደመወዝ የሚኖር ሰው እንግዲህ ያለ ሙሉ የነፃ ትምህርት ዕድል በዚህ መንገድ ቢነሳ ስሌቱ አያዋጣውም። ሙሉ ዕድል ደግሞ የሚገኘው ጠንካራ ፖርትፎሊዮ ይዞ ለቀረበ ነው።

አካውንቲንግ የተማረበት ጊዜስ? እርሱ የሰመጠ ወጪ ነው፤ ቢቀጥልም ቢተውም አይመለስም፤ በውሳኔው ላይም ሊገባ አይገባም። ብዙ ቤተሰብ ግን ልጁን የሚከራከረው በዚሁ ነው።

የጫኖ ገበሬ አዲስ ሙዝ ሲተክል ማሳውን ባዶ ትቶ አይጠብቅም። ዘለላው እስኪደርስ ዓመት ያህል ስለሚፈጅ በችግኙ መሀል በቆሎ ይዘራል። ፖርትፎሊዮም የሚሠራው እንዲሁ፣ ደመወዝ ሳይቋረጥ፣ በቅዳሜና እሑድ ነው። ለዚህ ውድ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። መለኪያ ሜትር፣ እርሳስና ወረቀት ይበቃሉ። አንድ የጫኖ ቤት ይለካ። 1 ለ50 በሚባለው መጠን ሲነሳ የ6 ሜትር ግድግዳ በወረቀት ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መጀመሪያ ከላይ የሚታየው ፕላን፣ ቀጥሎ ሴክሽን፣ ማለትም ቤቱ እንደ ዳቦ ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ፣ ይነሳል።

የጫኖን ቤት ቁም ነገር የሚያሳየው ይኸው ሴክሽን ነው። በግድግዳውና በክዳኑ መካከል ያለው ክፍተት የቆላውን ሙቀት ያስወጣል፤ በዚያው የወባ ትንኝ ይገባል። ቢደፈን ቤቱ ይታፈናል፤ ቢተው ልጆች ይታመማሉ። የአርባ ምንጭና የኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት የጫኖ ጥናት፣ በርና መስኮት ላይ ወንፊት ሽቦ ሲገጠም ቤት ውስጥ የሚገኘው የወባ ትንኝ ብዛት በ40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ይህን ጥናት አንብቦ የአንድን ቤት በር፣ መስኮትና የክዳን ክፈፍ በሥዕል ያሻሻለ፣ የሽቦውንና የእንጨቱንም ወጪ በብር ያሰላ አመልካች፣ ከተማ ተቀምጦ የመስታወት ፎቅ ከሚስል ተወዳዳሪው ብልጫ አለው። ወጪ ማስላቱ ላይ የሒሳብ ትምህርቱ ሥራ ያገኛል።

ሁለተኛ ሥራ የፈለገ ከጫኖ በላይ ወደ ደጋው ይውጣ። የዶርዜ ቤት በቀርከሃ ተሸምኖ በእንሰት ቅጠልና በመሰል ነገር የሚለበስ ነው። እግሩን ምስጥ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱ እያጠረ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ሲያስፈልግም በሰው ኃይል ተነስቶ ቦታ ይቀይራል። ሽመናውን በእጅ መሣልና አንድ ክንድ የሚያህል ክፍሉን በቀርከሃ ሠርቶ ፎቶግራፍ ማንሳት ለፖርትፎሊዮ በቂ ገጾች ይሰጣል።

እንዲህ ያለው ዝግጅት ሩቅ እንደሚያደርስ የሚያሳየው የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ ነው። አናጢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ለአናጢነት ሥልጠና ጀርመን ሄደ፤ በማታ ትምህርት ደረጃውን አሟልቶ በርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርስቲ ገባ። ገና ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለተወለደበት ለጋንዶ መንደር እ.ኤ.አ. በ2001 ትምህርት ቤት አሠራ። ግድግዳው የሸክላ ጡብ ነው፤ የቆርቆሮ ክዳኑ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ሙቀቱ በመሀል ያልፋል። ዲግሪውን የያዘው በ2004 ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን የሙያውን ታላቅ ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ከመነሻው እስከ ዲግሪው 19 ዓመት መቁጠሩን ግን ማንም መርሳት የለበትም።

የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚዘጋው በብዛት በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ነው። ሥዕሉ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ቢጀመር፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው በመስከረም ቢወሰድ፣ የምስክር ደብዳቤ የሚጽፉት ሰዎች ከሁለት ወር በፊት ቢጠየቁ ጊዜው ይበቃል። የማመልከቻው ክፍያ ለአንድ ትምህርት ቤት 80 ዶላር ቢሆን ለአምስቱ 400 ዶላር ነው፤ ዶላሩ በ100 ብር ብቻ ቢታሰብ እንኳ 40,000 ብር፣ የወጣቱ የአራት ወር ደመወዝ ይሆናል። አቅም ለሌለው አመልካች ይህን ክፍያ የሚተዉ ትምህርት ቤቶች ስላሉ፣ የይቅርታ መጠየቂያው ደብዳቤ ከማመልከቻው ቀድሞ መላክ አለበት።