የስንዴ እደላና የወጥ ጉዳይ፦ በቡራዩ ለሰፈሩ ቤተሰቦች በጥቂት ገንዘብ ገንቢ ምግብ ስለማዘጋጀት

በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ከተፈናቀሉት ወገኖች ከፊሎቹ በኦሮሚያ ከተሞች፣ ከእነዚህም መካከል በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ እንዲሰፍሩ መደረጉ ይታወሳል። ስለ መጠለያውና ስለ ቦታ አሰጣጡ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ማጀቱ የተነገረው ግን ጥቂት ነው። ማሽላና ወተት ከለመደ አገር የመጣ ቤተሰብ በደጋ ከተማ ጎጆ ሲወጣ ገበያው፣ ማገዶውና የእህሉ አበሳሰል ሁሉ ይለወጥበታል። ይህ ትምህርት እርዳታ የሚያድሉ ሠራተኞችና የአካባቢ ኃላፊዎች ይህንን ለውጥ ተረድተው ቤተሰቦቹን ለመምከር እንዲችሉ የቀረበ ነው።

በአገራችን በአስቸኳይ እርዳታ ጊዜ ለአንድ ሰው በወር ሲመደብ የኖረው ድርሻ 15 ኪሎ ግራም እህል፣ 1.5 ኪሎ ግራም ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። በቀን ሲታሰብ እህሉ 500 ግራም፣ ጥራጥሬው 50 ግራም ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲደመር ወደ 2,000 ካሎሪ ገደማ ስለሚሰጥ፣ ለእርዳታ እቅድ መነሻ ከሚሆነው 2,100 ካሎሪ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ረሃብን ያስታግሳል። ነገር ግን ቪታሚን ሲ የለበትም ለማለት ይቻላል፤ ከእህሉ አንጻር የጥራጥሬው መጠንም አንድ ለአሥር ብቻ ነው። ስንዴ ላይሲን የተባለው የገንቢ ምግብ ክፍል ያንሰዋል፤ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽንብራ ደግሞ ይህንኑ አትረፍርፈው የያዙ ናቸው። በመሆኑም እንጀራና ሽሮ፣ ቂጣና ክክ አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሥጋና እንቁላል መግዛት ላልቻለ ቤት ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም።

ይሁን እንጂ የጥራጥሬ ዋጋ በሚዛን ላይ ብቻ አይለካም። ቡራዩ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዝቅ ካለ አገር የመጣች እናት ባቄላው አልበስል ሲላት እህሉ ያረጀ ይመስላት ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን ከፍታው ነው። ያልተከካና ያልተዘፈዘፈ ባቄላ ለመቀቀል የሚፈጀው ከሰል አንዳንድ ጊዜ ከባቄላው ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ደገኛው ሽሮን የሙጥኝ ያለው ለጣዕሙ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ እህሉ አስቀድሞ ተቆልቶና ተፈጭቶ ስላለቀ በአጭር ጊዜ ወጥ ይሆናል። ሽሮ ካልተገኘ ጥራጥሬውን ከክቶ፣ ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ የዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍቶ፣ ድስቱን ከድኖ ማብሰል ከሰል ይቆጥባል። እሳት በማይነድበት ዕለት በሶና ቆሎ አሉ።

እዚህ ላይ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት አደጋ አለ። በገበያ ላይ ከሁሉ የረከሰው ጥራጥሬ ብዙውን ጊዜ ጓያ ነው። ድርቅንም ውሃ የተኛበትንም መሬት ስለሚችል በጥቁር አፈር አገር፣ ለምሳሌ ከሰበታ ባሻገር ባለው በበቾ ሜዳ፣ በብዛት ይዘራል። አልፎ አልፎ ከሌላ ምግብ ጋር ሲበላ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ያሽመደምዳል፤ ሽባነቱም አይድንም። ከ1987 እስከ 1989 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ በደላንታ ሌላው ሰብል ጠፍቶ ጓያው ብቻ በተረፈ ጊዜ ይኸው ሽባነት በወረርሽኝ መልክ ታይቷል፤ ይበልጥ የተጠቁትም ወጣት ወንዶች ነበሩ። በደላንታ የተደረገው ጥናት ጓያን ከእህል ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን እንደሚቀንስ አመልክቷል። ያልተፈጨ ጓያ እንደ መጥረቢያ ራስ ማዕዘን ስላለው ይለያል፤ በሽሮ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ግን በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ቤተሰቡ እጅግ የረከሰ የተዘጋጀ ሽሮ ከመሸመት ይልቅ አተሩን ወይም ሽንብራውን በፍሬው ገዝቶ ራሱ ቆልቶ ቢያስፈጭ ይመረጣል። ጥቂት ጎረቤታሞች ተባብረው ቢሸምቱ ዋጋውም ይቀልላቸዋል።

ጉዳዩ አዳዩንም የሚመለከተው በዚህ ምክንያት ነው። የጥራጥሬው ድርሻ ዘግይቶ ስንዴው ብቻውን ሲታደል መዝገቡ የተሟላ ሊመስል ይችላል። ቤተሰቡ ግን ስንዴ ብቻ ስለማይበላ ከድርሻው ከፍሎ በርካሽ ይሸጣል፤ በተገኘችውም ገንዘብ የወፍጮ ከፍሎ በቀረችው የሚገዛው ያንኑ የረከሰ ሽሮ ነው። የቀረችው 1.5 ኪሎ በእህል ተጨማሪ አትተካም። እደላ በሚጎድልበት ወር ጥራጥሬው ከሁሉ በኋላ የሚነካ እንዲሆን፣ ሲዘገይም ለሕዝቡ በግልጽ እንዲነገር ማድረግ ያስፈልጋል።

ጥራጥሬው ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገባው ነፍሰ ጡሮች፣ አጥቢዎችና ሕፃናት ናቸው። ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ሦስት እጅ ስንዴ ወይም ገብስ ከአንድ እጅ ሽንብራ ጋር ተቆልቶ ተፈጭቶ ገንፎ ይሠራለት። በ1950ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተዘጋጀው ፋፋ የተመሠረተው በዚሁ እህልንና ጥራጥሬን በማቀላቀል ሐሳብ ላይ ነው፤ በእርሱ ላይ የወተት ዱቄት፣ ቪታሚንና ማዕድን ተጨምሮበታል። የቀጠነ ሙቅ የሕፃኑን ትንሽ ሆድ በውሃ ስለሚሞላው ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ መሆን አለበት፤ ከታደለው ዘይት አንድ ማንኪያ ቢጨመርበት ኃይሉ ይጨምራል።

የቪታሚኑን ጉድለት ለመሙላት ለቡራዩ አየር የሚስማማው የሐበሻ ጎመን ነው። ሰፊ ጓሮ አይጠይቅም፤ አፈር በተሞላ ማዳበሪያ ጆንያ እንኳ ይበቅላል፤ ከሥር ከሥሩ ቅጠሉ እየተቀነጠበ ለወራት ይበላል። አብዝቶ መቀቀልና ውሃውን መድፋት ግን ቪታሚኑን ያጠፋል። ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ ከሽሮው ጋር ቢበላ ሰውነት በጥራጥሬው ውስጥ ያለውን ብረት በይበልጥ ለመውሰድ ይረዳዋል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ስለዚህ ሻዩ ቆየት ብሎ ቢጠጣ ይሻላል። ጨው በአዮዲን የበለጸገው ተመርጦ ይገዛ፤ በተከደነ ዕቃ ተቀምጦም ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።

የአበሳሰል ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ በጤና ጣቢያ ግቢ በትልቅ ምድጃ ከማሳየት ይልቅ በአንዲት እናት ቤት፣ በራሷ ከሰል ማንደጃና በዚያው ወር በታደለው እህል ቢሠራ ይመረጣል። ያለቀው ከሰልም ከምግቡ እኩል ይመዘን።