ስለ ዘር ምርጫ፤ በሽታን በመቋቋምና ብዙ ፍሬ በመስጠት መካከል ስላለው ሚዛን

ለአንድ ወረዳ ሹም ከሚሰጡት አደራዎች መካከል የዘር ነገር የማያንስ መሆኑ የታወቀ ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ በጉና ተራራ ግርጌ፣ በፋርጣና በጋይንት ደጋ ገብስ ለገበሬው እንጀራም፣ ቆሎና በሶም፣ ጠላም ነው። የተሳሳተ ዘር የታደለ እንደ ሆነ ጉዳቱ የሚታወቀው ጎተራው ከጎደለ በኋላ ነው። ስለዚህ ዘር በምን እንደሚመዘን ሹማምንትና ባለ መሬቶች ሊረዱት የተገባ ነው።

ብዙ ሰው ዘርን የሚያመሰግነው ወይ በፍሬው ብዛት ብቻ፣ ወይ በሽታ አይነካውም በመባሉ ብቻ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ጠባዮች በአንድ ተክል ውስጥ ብዙ ጊዜ ይሻማሉ። ተክል ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውሃ በቅጠሉ የሚያዘጋጀው ምግብ ልክ አለው፤ በዚሁ ምግብ ያድጋል፣ ፍሬውን ይሞላል፣ በሽታንም ይከላከላል። ከአራት ልጆቹ ሦስቱን ለዘብ ያቆመ አባወራ እርሻው ዳዋ ይለብሳል፤ አራቱንም ለእርሻ አሰማርቶ ጎተራውን ያለ ጠባቂ የተወ ደግሞ በሌባ ይዘረፋል። የተክልም ነገር እንዲሁ ነው።

ለዚህ ግልጽ ምስክር የሚሆነው ራሱ የኢትዮጵያ ገብስ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ የጀርመን ሊቃውንት ከኢትዮጵያ የገብስ ዘር ሰብስበው ወደ አገራቸው ወሰዱ። ከዚያም ዘር መካከል፣ ቅጠልን ዱቄት እንደ ተነሰነሰበት አድርጎ የሚሸፍነውን ነጭ ሻጋታ የሚቋቋም ገብስ ተገኘ። ዳሩ ግን ይህ የመቋቋም ጠባይ ዋጋ ነበረው፤ ይኸውም በሽታው በሌለበት ጊዜ እንኳ ቅጠሉ በትንንሽ ነጠብጣብ እየሞተ ይደርቅ ነበር። በሽታ ባልገባበት ማሳም ምርቱን ከመቶ 4 እጅ ያህል እንደሚቀንስ ተለካ። የአውሮፓ ዘር አዳቃዮች ግን ዘሩን አልጣሉትም፤ ከሌላ ገብስ ጋር እያዳቀሉ፣ በሽታውን የሚቋቋመውን፣ ቅጠሉም የማይጎዳውን በትዕግሥት መረጡ። በ1979 በአውሮፓ አቆጣጠር አቴም የተባለው ዘር በሆላንድ አገር ወጣ፤ ያ ከኢትዮጵያ የሄደ ጠባይም በአውሮፓ ገብስ ውስጥ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

ሚዛኑ በተጓደለ ጊዜ የሚደርሰውን ደግሞ የአገራችን ስንዴ አሳይቷል። ኩብሳ የተባለው ስንዴ በምርቱ ተወድዶ በብዙ አገር ተዘራ፤ በ2003 ዓ.ም. መኸር ግን ቢጫ ዋግ ተነሥቶ ወደ 600,000 ሄክታር የሚሆን የስንዴ ማሳ ነካ። ከዚህ በኋላ ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ ዲገሉ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ መጥቶ ዲገሉን አጠፋው። አንዱን ሌባ የሚያውቅ ዘበኛ ሌላውን ላያውቅ ይችላልና፣ አገር ሁሉ በአንድ ዘር ላይ መደገፉ አደገኛ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ስለዚህ በየወረዳው የሚከተለውን መፈጸም ይገባል።

1ኛ፤ አዲስ ዘር ከመታደሉ በፊት ከአገሬው ገብስ ጎን ለጎን፣ በአንድ ቀን፣ በተመሳሳይ መሬት ይዘራ፤ ይህም በቆላማው ጫፍና በጉና ከፍታ ለየብቻው ይደረግ።

2ኛ፤ ፍሬውም ገለባውም በየዓመቱ ተለክቶ ይጻፍ። በሽታ ባልመጣበት ዓመት የተገኘ ምርት ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ በበሽታው ዓመት የተረፈ ብቻም አይሆንም። በሽታው በየዓመቱ በሚመላለስበት ቀበሌ ጥቂት ምርት ቀንሶ የሚጸና ዘር ይሻላል፤ እምብዛም በማይታይበት ግን ያ ቅናሽ ከንቱ ኪሳራ ነው።

3ኛ፤ ዋግ በቅጠል ወይም በአገዳ ላይ እንደ ታየ ሳይውል ሳያድር ለእርሻ ባለሙያ ይነገር።

4ኛ፤ ገበሬው አዲሱን ዘር ቢቀበልም ከነጩም ከጥቁሩም የአባቶቹ ገብስ በከፊል ማሳው መዝራቱን እንዳይተው ይመከር። ባዕዳን በሩቅ አገር የተጠቀሙበት ጠባይ የተገኘው እንዲህ ካለው የገበሬ ዘር ነውና፣ እርሱ ከጠፋ ነገ የሚመጣውን በሽታ የሚመክት ዘር ከየት እንደሚገኝ አይታወቅም።