ልጆችዎን ሆምስኩል ያደርጋሉ? በፎል ወቅት የትምህርት ቤቱን የጤና ሥራ ማን ይሥራው?

 

የዛሬው ትምህርታችን አሜሪካ ለሚኖሩ፣ በተለይ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ለሚያስተምሩ ወላጆች ነው። ሆምስኩል ይሻላል ወይስ አይሻልም ወደሚለው ክርክር አንገባም፤ ያ የቤተሰቡ ውሳኔ ነው። እኛን የሚመለከተን የልጁ ጤና ነው።

ትምህርት ቤት ሳይነግረን የሚሠራቸው ብዙ የጤና ሥራዎች አሉ። ልጁን በሰዓቱ ከአልጋ ያስነሳዋል። በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ ያስሮጠዋል። ሰሌዳው አልታይ ሲለው መምህሯ ታስተውላለች። በብዙ ትምህርት ቤቶች ዓይንና ጆሮ ይመረመራል፤ ክትባት ከጎደለ ለወላጅ ደብዳቤ ይላካል። ሆምስኩል ስንጀምር ሂሳቡንና ንባቡን ወደ ቤት እናመጣለን፤ እነዚህን ሥራዎች ግን ብዙዎቻችን እዚያው ትተናቸው እንመጣለን።

በበጋው ሙቀት ጉድለቱ አይታወቅም፤ ልጁ በራሱ ጊዜ ውጭ ይውላል። ፎል ሲገባ ግን ይብሳል። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ግን በሴፕቴምበር መጨረሻ 12 ሰዓት የነበረው ቀን በኖቬምበር መጨረሻ ከ10 ሰዓት በታች ይወርዳል። ትምህርቱ ተጠናቆ "አሁን ውጡ" ሲባል መሽቷል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው። (ሰዓቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።)

1. ዓይን፦ ቤት ውስጥ ሰሌዳ የለም

ይህን ነጥብ እባክዎ በጥሞና ያንብቡት። የቅርብ እንጂ የሩቅ የማያይ ልጅ (ማዮፒያ ያለበት) ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ ከኋላ ወንበር ሰሌዳው ስለማይታየው ቶሎ ይታወቅበታል። ቤት ውስጥ ግን መጽሐፉም፣ ታብሌቱም፣ ደብተሩም ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ናቸው። ልጁ ጥሩ ያነባል፣ ጥሩ ይጽፋል፤ ስለዚህ ችግሩ ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ልጁም አያማርርም፤ ዓለም ለሁሉም ሰው እንደዚያ የደበዘዘ ይመስለዋል።

ማዮፒያ የሚመጣው የዓይን ኳስ ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ሲረዝም ነው። መነጽር እይታውን ያስተካክላል፤ የረዘመውን ኳስ ግን አያሳጥረውም። በጣም ከፍ ያለ ማዮፒያ ደግሞ በጉልምስና ዕድሜ ለሬቲና መላቀቅና ለግላኮማ ያጋልጣል። ስለዚህ "መነጽር ያደርጋል በቃ" ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

መከላከያው ምንድነው? ውጭ መዋል። ክፍል ውስጥ ያለው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሉክስ አይዘልም፤ ውጭ ግን ደመናማ በሆነ ቀን እንኳ ብዙ ሺህ ሉክስ ይደርሳል። ይህ ደማቅ ብርሃን ሬቲና ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ያስለቅቃል፤ እሱም የዓይን ኳስ ያለልክ እንዳይረዝም እንደሚያግዝ ይታመናል። ታይዋን ከ2010 ጀምሮ የትምህርት ቤት ልጆች በቀን 120 ደቂቃ ውጭ እንዲውሉ የምታበረታታው በዚሁ ምክንያት ነው።

👉 ልጁ በቀን በድምሩ 2 ሰዓት ውጭ ይዋል። በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም።
👉 በየ20 ደቂቃው ከመጽሐፍ ወይም ከስክሪን ቀና ብሎ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ይይ።
👉 መንገድ ላይ ስትሄዱ አንዱን ዓይኑን ሸፍኖ በሌላው የሩቅ ታርጋ ወይም የመንገድ ምልክት እንዲያነብ ያድርጉ። ከዚያ ያፈራርቁ። በአንዱ ዓይን ብቻ የሚያይ ልጅ በሁለቱ ሲያይ ችግሩ አይታወቅበትም። "ሰነፍ ዓይን" የምንለው ችግር ደግሞ ሕክምናው በደንብ የሚሠራው በለጋ ዕድሜ፣ በተለይ ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር ነው።

ይህ የቤት ሙከራ ምርመራን አይተካም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12 እና 15 ዓመት የእይታ ምርመራ እንዲደረግ ይመክራል። የልጅዎ የመጨረሻ ምርመራ መቼ ነበር? ትዝ ካላለዎት ዛሬ ቀጠሮ ይያዙ።

2. እንቅልፍ፦ አውቶቡስ የማይጠብቀው ልጅ

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ሆምስኩል እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ልጅን በጨለማ መቀስቀስ የለም። ግን ጥቅሙ ሳይታወቅ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ዛሬ 8፣ ነገ 9፣ ከነገ ወዲያ 10 ሰዓት እየተባለ መነሻው ይሸሻል፤ ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ወላጅ "ሰነፈ" ይላል፤ እውነታው ግን የልጁ የሰውነት ሰዓት ተዛብቷል።

የሰውነትን ሰዓት የሚሞላው ቁልፍ የጠዋት ብርሃን ነው። ስለዚህ የትምህርቱ ቀን ከጠረጴዛ ሳይሆን ከበር ይጀምር። ቁርስ፣ ጃኬት፣ 30 ደቂቃ የእግር መንገድ፣ ከዚያ ደብተር። ቅዳሜና እሑድም መነሻ ሰዓቱ ብዙ አይራቅ።

በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓት ወደ ኋላ አንድ ሰዓት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ከእሑዱ በፊት ባሉት 4 ቀናት መኝታና መነሻውን በየቀኑ 15 ደቂቃ ወደፊት ካዘገዩት ልጁ ሳይረበሽ ይለምደዋል። የውጭ ሰዓቱን ደግሞ ከምሳ በፊት ያድርጉት፤ "ከትምህርት በኋላ" ከተባለ ጨለማ ይቀድማችኋል።

3. ቫይታሚን ዲ፣ ፀሐይና ጾም

አገር ቤት ሕፃን ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ አይተን ነው ያደግነው። ሰሜን አሜሪካ ላይ ግን ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት ጨረር በጣም ይቀንሳል። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ለተመሳሳይ መጠን ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ይህንን ሥራ አይሠራም። ስለዚህ መስኮት ዳር ተቀምጦ መማር ደስ ቢልም ለቫይታሚን ዲ አይቆጠርም።

ከ1 ዓመት በላይ ያለ ልጅ በቀን 600 ዩኒት፣ ከ1 ዓመት በታች ያለ 400 ዩኒት ያስፈልገዋል። አንድ ኩባያ ቫይታሚን የተጨመረበት ወተት የሚሰጠው 100 ዩኒት ገደማ ነው። የነቢያት ጾም ኖቬምበር 24 አካባቢ ሲገባ ልጆችም አብረው የሚጾሙበት ቤት ብዙ ነው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ጥሩ ምግቦች ናቸው፤ ቫይታሚን ዲ እና ቢ12 ግን የላቸውም። ስለዚህ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12 እና ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ይምረጡ፤ ጽሑፉን ያንብቡ፣ ሁሉም ወተት አልተጨመረበትም። የሚያድግ ልጅ ምን ያህል መጾም እንዳለበት ከሐኪሙም ከንስሐ አባትዎም ጋር ይነጋገሩ።

⚠️ ለአዋቂ የታዘዘ 50,000 ዩኒት ለልጅ አይሰጥም! ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ዲ በደም ውስጥ ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ማስታወክና የኩላሊት ጉዳት ያመጣል። ከረሜላ የሚመስለውን ቫይታሚንም ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡ።

4. ክትባት፦ "ቤት ነው የሚውለው" መከላከያ አይደለም

የሆምስኩል ልጅ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ መስጊድ ይሄዳል፣ ልደት ይጠራል፣ አያት ልትጠይቅ ከአገር ቤት ትመጣለች። ኩፍኝ በጣም ተላላፊ ነው፤ መከላከያ የሌላቸው 10 ሰዎች አጠገቡ ቢገኙ እስከ 9 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ። በ2025 አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበው የኩፍኝ ሕመምተኛ ቁጥር ከ1992 ወዲህ ከፍተኛው ነበር። ሁለት ጊዜ የተሰጠ ክትባት 97 በመቶ ያህል ይከላከላል።

የጉንፋን (ፍሉ) ክትባት ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ ሁሉ በአካዳሚው ይመከራል፤ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ቢወሰድ ጥሩ ነው። ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ቀደም ብሎ መጀመር ይሻላል። ሕጉም ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ለምሳሌ ቨርጂኒያ የክትባት መስፈርቷ የሆምስኩል ልጆችንም ይመለከታል።

5. የቤቱ አየር፦ ከሰልና ዕጣን

ብርድ ሲገባ መስኮት ይዘጋል፤ የሆምስኩል ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያንን አየር ነው የሚተነፍሰው። አስም ያለበት ልጅ ካለ ዕጣኑን ይቀንሱ፣ ወይም ልጁ ውጭ ሲሆን ያጭሱ።

ከሰል ግን ድርድር የለውም። ቡና በከሰል ቤት ውስጥ አይፈላም፤ መስኮት መክፈትም አይበቃም። ከሰል የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይገድላል። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከጀመረው ሁላችሁም ወዲያው ውጡ፣ 911 ደውሉ። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይጣድ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያውም በመኝታ ክፍሎች አቅራቢያ ይኑር፣ ባትሪው ይፈተሽ።

6. ውጭ ሲወጡ፦ መዥገርን አይርሱ

ፎል ለሳይንስ ትምህርት የተመቸ ነው። ቅጠሉ ለምን ቢጫ ሆነ? ብርሃኑ ሲያጥር አረንጓዴው ክሎሮፊል ስለሚፈርስ ከሥሩ የነበረው ቢጫ ይወጣል። ልጁ ቅጠል ሲሰበስብ፣ ሲጠርግ፣ ሲዘል ትምህርቱንም፣ ስፖርቱንም፣ የዓይን ብርሃኑንም አንድ ላይ አገኘ ማለት ነው። በቀን 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ከዚሁ ይሞላል።

ነገር ግን በዚህ አካባቢ የላይም በሽታን የምታስተላልፈው መዥገር በኦክቶበርና በኖቬምበርም ንቁ ነች። ሲመለሱ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ከጆሮ ጀርባና የራስ ቆዳ ይፈተሽ። ከተገኘች በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ቅባት ወይም እሳት አይነካትም። በቀጣዮቹ ሳምንታት እየሰፋ የሚሄድ ሽፍታ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

7. የልጁ ስሜት፣ የእርስዎም ስሜት

ትምህርት ቤት ያለ ልጅ በቀን ብዙ አዋቂዎች ያዩታል። "ይሄ ልጅ ሰሞኑን ዝም ብሏል" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ቤት ውስጥ ያ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ በየቀኑ አብሮ የሚውል ዓይን ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣን ለውጥ አያይም። ስለዚህ በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ልጁ ከእኩዮቹና ከሌላ አዋቂ ጋር የሚገናኝበት ፕሮግራም ይኑረው፤ ላይብረሪ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ እግር ኳስ፣ የሌሎች ሆምስኩል ቤተሰቦች ስብስብ።

እናትም ሰው ናት። አስተማሪ፣ ወጥ ሠሪና ሥራ ሄያጅ በአንድ ትከሻ ሲሆን ትደክማለች። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ መከፋት፣ ንዴት ወይም ምንም ነገር ደስ አለማለት በልጅም በወላጅም ላይ ቢታይ ሐኪም ያማክሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ 988 በማንኛውም ሰዓት ይደወላል።

ለምሳሌ ያህል፣ የአንድ ቀን ፕሮግራም፦

👉 7:00 መነሳት፣ ቁርስ
👉 8:00 – 8:30 የእግር መንገድ
👉 8:45 – 11:30 ከባድ ትምህርቶች (በየመካከሉ የዓይን እረፍት)
👉 11:30 – 12:30 ውጭ ጨዋታ
👉 12:30 ምሳ
👉 1:30 – 3:00 ንባብ፣ አማርኛ፣ ሥዕል
👉 3:15 – 4:15 ውጭ ወይም ከጓደኛ ጋር
👉 8:00 ስክሪን ይዘጋል
👉 9:00 መኝታ

የሚከተሉትን ካዩ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም፦

✔️ ዓይኑን አጨናቁሮ ማየት፣ ቴሌቪዥን ሥር መቀመጥ፣ ተደጋጋሚ ራስ ምታት
✔️ አንድ ዓይን ወደ ጎን ሲሄድ
✔️ የእግር አጥንት ሕመም ወይም መንቀዋለል
✔️ ሌሊት የሚያስነሳ ሳል፣ ሲተነፍስ ፉጨት። የጎድን አጥንቱ እየገባ የሚተነፍስ ወይም መናገር ያቃተው ከሆነ 911 ይደውሉ።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት ልጀምር ብለው አይጨነቁ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለነገ ይምረጡ ብባል የምመርጠው የጠዋቷን 30 ደቂቃ ነው፤ ለዓይንም፣ ለእንቅልፍም፣ ለስሜትም በአንዴ ትጠቅማለች፣ ገንዘብም አታስወጣም። ቀጥሎ የዓይን ምርመራውን ቀጠሮ ይያዙ።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ ነው፤ ልጅዎን የሚያውቀውን ሐኪም አይተካም። ሆምስኩል የሚያደርጉ ወዳጆች ካሏችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።

ጤናችሁ ይብዛ!