ልቦለድና መዝገብ፦ የቻርልስ ኢንግልስ ቤተሰብ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ

የአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ቀደምት ሰፋሪዎች ሲነሡ የቻርልስ ኢንግልስ ቤተሰብ ከታወቁት አንዱ ነው። ዝናው የመጣው ግን ከቤተ መዛግብት ሳይሆን ልጁ ሎራ ኢንግልስ ዋይልደር ከ1932 ጀምሮ ካሳተመቻቸው ልቦለዶች ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ልቦለዶቹን ከመዝገብ ጋር በማስተያየት፣ ሥነ ጽሑፍ ለታሪክ ጥናት በምንጭነት የሚያገለግልበትን ወሰን ይመረምራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻርልስ በ1836 በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደ፤ በ1860 በዊስኮንሲን ካሮላይን ኩዊነርን አገባ። ከአምስቱ ልጆቻቸው ሜሪና ሎራ በዊስኮንሲን፣ ካሪ በካንሳስ፣ ፍሬዲ በሚኒሶታ፣ ግሬስ በአይዋ ተወለዱ። የልጆቹ የትውልድ ስፍራ ብቻውን የቤተሰቡን እንግልት ያመለክታል።

በልቦለዱና በመዝገቡ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በካንሳስ ቆይታቸው ነው። ቤተሰቡ በ1869 የሰፈረበት መሬት የኦሴጅ ሕዝብ ይዞታ ነበር። የ1862ቱ የሰፈራ ሕግ ለአንድ አመልካች 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል፣ ቢፈቅድም ይህን ይዞታ አይመለከትም ነበር። የ1870ው የሕዝብ ቆጠራም በቻርልስ ስም የመዘገበው የመሬት ሀብት የለም። በ1935 የታተመው ልቦለድ ቤተሰቡ መሬቱን የለቀቀው መንግሥት ሰፋሪዎችን በወታደር ሊያስወጣ ነው በመባሉ እንደ ሆነ ይተርካል። ሆኖም በጁላይ 1870 ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ሰፋሪዎች መሬቱን በኤከር 1.25 ዶላር እንዲገዙ መንገድ ከፈተ፤ በመጨረሻ ከስፍራው የተነሡት ኦሴጆች ናቸው። ቤተሰቡ በ1871 ወደ ዊስኮንሲን ለመመለሱ አንዱ ምክንያት የቀድሞ ይዞታቸውን የገዛው ሰው ክፍያውን መጨረስ አለመቻሉ ነበር።

ሁለተኛው ልዩነት ዝምታ ነው። የአንበጣ መንጋ በሚኒሶታ ሰብላቸውን ካጠፋ በኋላ ቤተሰቡ በአይዋ በሆቴል ሥራ ተዳድሯል፤ ፍሬዲም በ1876 በሕፃንነቱ ሞቷል። ልቦለዶቹ ሁለቱንም አያነሡም። ዓይነ ስውር የሆነችው ሜሪ በአይዋ ስትማር የትምህርት ክፍያዋን የሸፈነው የዳኮታ ግዛት አስተዳደር ሲሆን፣ በልቦለዶቹ ጎልቶ የሚታየው ግን የቤተሰቡ ጥረት ነው።

ከዚህ በመነሣት ልቦለዶቹ ዋጋ የላቸውም ማለት አይቻልም። ስለ 1870ዎቹ ከሚነግሩን ባልተናነሰ፣ ራስን መቻል በብርቱ በተወደሰበት በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ያለፈው እንዴት እንደ ታሰበ ይመሰክራሉ። ስለዚህ የሰፋሪ ቤተሰብን ትዝታ በምንጭነት የሚጠቀም ተመራማሪ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባዋል፦ መሬቱ የማን ነበር? ወጪውን ማን ሸፈነ? ከትረካው የቀረውስ ማን ነው?