«እግዚአብሔር ቸር ነው ማለት ከአፌ አልወጣ አለኝ»

ይድረስ ለእትዬ፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የባለቤቴ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ዓመት አልፏል፤ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይገባል። ያለንን ሸጠን ጨርሰን አሁን የምንኖረው በዘመድ እርዳታ ነው። ያልተሳልኩበት ታቦት የለም። ሰሞኑን ግን ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ቃል ይጠፋኛል። ሁሉን ቻይ ከሆነ ለምን ዝም ይላል? ቸር ከሆነ እነዚህን ልጆች እንዴት አያይም? እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንዲህ በማለቴ እንዳይቀሥፈኝ እፈራለሁ። አማቴ «እምነታችሁ ቢጠነክር ኖሮ እስካሁን በዳነ» ይላሉ። እጥበቱን ትቶ እንጦጦ ጸበል እንዲሰነብት ይፈልጋሉ፤ እሱም ልቡ ወደዚያው አዘንብሏል። እምቢ ካልኩ እምነት የለሽ እባላለሁ። እሺ እንዳልል ደግሞ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ቀን የማይሰጠውን ላስቀድም፦ እጥበቱ እንዳይቋረጥ። ኩላሊት ሥራ ሲያቆም ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሲበዛ ልብን ያቆማል፤ አንዳንዴም አስቀድሞ ምልክት አይሰጥም። መውጫ ያጣው ውሃ ደግሞ መጀመሪያ እግር ያሳብጣል፣ ቀጥሎ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የኩላሊት ሕመምተኛ መተኛት አቅቶት፣ ትራስ ደራርቦ፣ ቁጭ ብሎ ሲያነጋ አይተሽ ይሆናል፤ ከዚህ የተነሳ ነው። ጸበል ላይ በብዛት መጠጣት የተለመደ ነው። ለባለቤትሽ ግን በቀን የተፈቀደው ውሃ በብርጭቆ የተቆጠረ ነውና ጸበሉም ከዚያው ላይ ታስቦ ጥቂት ይቅመስ። መጠመቁንም ቢሆን፣ አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ የእጥበት ቱቦ ካለው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያድርገው፤ ቱቦው ያለበት ቦታ ከረጠበ ኢንፌክሽን በቀላሉ ወደ ደም ይገባል።

ይህን ማለቴ ጸበልን ማቃለል እንዳይመስልሽ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ እንጦጦ የነበሩ ብዙ የኤችአይቪ ሕሙማን «መድኃኒት ከጀመርን እምነታችንን ካድን ማለት ነው» ብለው ሲጨነቁ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በግልጽ መክረዋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ንም ለአማትሽ አንብቢላቸው፤ ሐኪምን አክብር ይላል፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው ይላል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ አልቅሶ ሲጸልይ ጸሎቱ ተሰማ፣ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን በዚያው ሰዓት የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ ቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። እግዚአብሔር ያለ በለሱ ማዳን ያቅተው ነበር?

አሁን ወደ ልብሽ ልግባ። ቁጣሽን ፈርተሻል። እኔ ግን ከእግዚአብሔር የራቀ ሰው እንዲህ ሲከራከረው አላየሁም። የራቀማ ይተወዋል፣ ሌላ ወሬ ያነሣል። አንቺ አሁንም እደጁ ድረስ እየሄድሽ ነው። መዝሙር 87ን ታውቂው እንደሆነ (በሌላው አቆጣጠር 88 ነው) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው፤ እንደ ሌሎቹ የሐዘን መዝሙሮች መጨረሻው ላይ እንኳ አይጽናናም፣ በጨለማ ያበቃል። ቤተ ክርስቲያን ግን አላወጣችውም። ዳዊት በየዕለቱ የሚደግም ምእመን በየሐሙሱ ይደርስበታል። ቃል ሲጠፋሽ እሱን ድገሚ፤ እሱም ከከበደሽ «እግዚኦ» ብለሽ ቁሚ፣ ይበቃል።

ለ«እምነታችሁ ቢጠነክር ኖሮ» ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ጠንከር ልበል፤ ይህ ንግግር የታመመን ቤት ሁለት ጊዜ ያሳምማል። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተነሣለትም። እምነት ጎድሎት ነው የሚል ማን ነው? የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ደግ አደረጉ። አፋቸውን ከፍተው «ኃጢአትህ ነው» ማለት ሲጀምሩ ግን ተሳሳቱ፤ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው፣ በትክክል ተናገረ ያለው ደግሞ ያን ሁሉ ሙግት ያሰማውን ኢዮብን።

ይድናል ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም፣ ለምን ዝም እንዳለም ላስረዳሽ አልችልም። የያዝኩትን ግን ልንገርሽ። የአልዓዛር እኅት ማርታ ጌታን ስታገኘው መጀመሪያ ወቀሰችው፦ እዚህ ብትሆን ኖሮ ወንድሜ ባልሞተ አለች። በዚያው ትንፋሽ ደግሞ አሁንም የለመንከው እንደሚሰጥህ አውቃለሁ አለች። ወቀሳዋና እምነቷ ከአንድ አፍ ነው የወጡት፣ እሱም አልገሠጻትም። ለምን እንደዘገየም አላብራራም። መቃብሩ የት እንደሆነ ጠየቀ፣ አለቀሰም። ሊያስነሣው መጥቶ ማልቀሱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ኀይሉን የምናየው መቃብሩ ሲከፈት ነው፤ ቸርነቱን ግን ከዚያ በፊት፣ ገና አልዓዛር ሬሳ ሳለ፣ በእንባው አይተነዋል። ባለቤትሽ ቢድንም ባይድንም ያ የሚያለቅሰው ጌታ ከጎናችሁ ነው። እኔ የምታመነው በዚህ ነው፤ አንቺ ዛሬ ካቃተሽ እኛ እናምንልሻለን፣ የጸሎት ማኅበርም ሥራው ይኸው ነው።

ከባለቤትሽ ጋር እጥበት በሌለበት ቀን፣ ሳይደክመው፣ ለብቻችሁ ተነጋገሩ። «ጸበል ልግባ» ሲል ብዙ ጊዜ በውስጡ «ገንዘባችሁን አልጨርስ፣ ሸክም አልሁን» የሚል አለበት። እንዲህ ከሆነ ሳይደብቅ ይንገርሽ፤ አንቺም ገንዘቡ የእሱ ያህል እንደማይሆንብሽ ንገሪው። አማትሽን አትጣዪ፤ ልጃቸው እየታመመባቸው ያሉ እናት ናቸው፣ የሚናገሩት ፍርሃታቸው ነው። አንቺ ከምትመልሺላቸው የንስሐ አባታችሁ ቤት ድረስ መጥተው ቢያነጋግሯቸው ይሰማሉ። የጾሙንም ነገር እግረ መንገድሽን ለንስሐ አባታችሁ አንሺላቸው፤ ለሕመምተኛ ሥርዓቱ ይፈቅዳል፣ ባለቤትሽ የሚበላውን ሐኪሙ ይወስን።

አንድ የቀረሽ ነገር አለ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ለጋሹም ከዘመድ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው የእጥበት ቀን ባለቤትሽ ለዚህ ብቁ እንደሆነና ከቤተሰቡ ማን መመርመር እንደሚችል ሐኪሙን ጠይቂው። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፣ እዚያ ስትደርሺ እንዳይጠፉብሽ።