ፒክአፕን ከፍ ማድረግና ማጠንከር፦ የፊት ሞላው ፊዚክስ

ድንኳን፣ የውኃ ጀሪካንና ስንቅ የጫነ ፒክአፕ ወደ ባሌ ተራሮች ከመጓዙ በፊት ባለቤቱ ጋራዥ ጎራ ብሎ «ፊቱን ከፍ አድርጉልኝ፤ ጠንከር ይበል» ይላል። መካኒኩም ብሎን አጥብቆ መኪናውን ያነሣለታል። ባለንብረቱ ከፍታውን አይቶ ጥንካሬ ያገኘ ይመስለዋል። ሁለቱ ነገሮች አንድ እንዳልሆኑ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

በብዙዎቹ ቀደምት የቶዮታ ሂሉክስ ሞዴሎች የፊቱን ክብደት የሚሸከመው እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ የብረት ዘንግ (ቶርሽን ባር) ሲሆን፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሞዴል ወዲህ ጥቅል ሞላ ተተክቷል። ሮበርት ሁክ በ1678 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሕግ መሠረት የሞላ ኃይል ከመለጠጡ ወይም ከመታመቁ መጠን ጋር ተመጣጣኝ ነው። የተመጣጣኝነቱን ቁጥር ግትርነት እንበለው። ግትርነት የሚወሰነው በብረቱ ዓይነት፣ ውፍረትና ርዝመት ነው፤ ብሎን ማጥበቅ ከእነዚህ አንዱንም አይለውጥም። መኪናው ከፍ ይላል እንጂ ግትርነቱ ያው የፋብሪካው ነው። ይባስ ብሎ ጎማው ወደ ታች የሚዘረጋበት ርቀት ስለሚያጥር ጉድጓድ ሲገጥመው መሬቱን ይለቃል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ለመሪም ለፍሬንም አይታዘዝም።

በቁጥር እንየው። በአንድ የፊት ጎማ ላይ 400 ኪሎ ግራም አርፏል፤ በጎማው ላይ የሚለካው ግትርነትም በሜትር 25,000 ኒውተን ነው እንበል። ሞላው 15.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይታመቃል፤ አካሉም በሰከንድ 1.26 ጊዜ ይወዛወዛል። የብረት መከላከያና ዊንች ተገጥመው በየጎማው 40 ኪሎ ግራም ቢጨምሩ ፊቱ 1.6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። መፍትሔው 10 በመቶ የበለጠ ግትር ሞላ ነው፤ ጭነቱና ግትርነቱ በእኩል እጅ ስለሚያድጉ ከፍታውም ድግግሞሹም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ምንም ሳይጭን 50 በመቶ ግትር የሆነ ሞላ ያስገጠመ ግን ድግግሞሹ 1.54 ይደርስና መኪናው ያንገጫግጨዋል።

አሞርዛተሩስ? ሞላ ጉልበት ያስቀምጣል እንጂ አያጠፋም፤ ውዝዋዜውን ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያበርደው አሞርዛተር ነው። አስፈላጊው የማብረድ አቅም ከግትርነትና ከክብደት ብዜት ካሬ ሥር ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ሞላውን በ50 በመቶ አጠንክሮ አሮጌውን አሞርዛተር የተወ ሰው የማብረድ ምጣኔውን ከ0.30 ወደ 0.245 አወረደ ማለት ነው።

በጠጠር መንገድ ላይ የሚታየው የሞገድ ቅርጽ ፈተናውን ያከብደዋል። ሞገዶቹ በ80 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁና በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ብንነዳ፣ ጎማው በሰከንድ 12.5 ጊዜ ይመታል። ይህ ጎማው ራሱ ከሚዘልበት ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ጋር ይቀራረባል። አሞርዛተሩ ለሰዓታት እንዲህ ሲሠራ ይግላል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ አረፋም ይፈጥራል። በናይትሮጅን ግፊት የሚሠሩት አሞርዛተሮች ለዚህ የሚመረጡት አረፋውን ስለሚቀንሱ ነው። በእኛ አስተያየት የተወሰነ ገንዘብ ያለው ተጓዥ ከሞላው ይልቅ አስቀድሞ አሞርዛተሩን ቢያሻሽል ይበጀዋል።

የራስን መኪና ግትርነት መለካት ይቻላል። ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት እንለካ፤ ክብደታቸው የታወቀ ሁለት ጓደኞቻችን የፊት መከላከያው ላይ ይቁሙ፤ መኪናውን ነቅነቅ አድርገን ዳግም እንለካ። ጓደኞቻችን ከጎማዎቹ ፊት ስለሚቆሙ በፊት ጎማዎቹ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደታቸው ይበልጣል፤ ይህን ማረም የማንሻን ሕግ ለተማረ ተማሪ አያቅተውም። ሞላው ከተለወጠ በኋላ ደግሞ የጎማዎቹ አቋም ስለሚዛባ ከጉዞው በፊት አላይመንት ማሠራት ግድ ነው።